ለማቆም ፈቃድ አይጠየቅም

ለተወደድከው ባለቤቴ ለሽፈራው፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለው ነው ያስተማሩን። ያንተን ጤና መጠየቅ ግን ራሴን ማታለል ስለሚሆን ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን አሥረኛው ክረምት ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ስላልነበረኝ ነው። አለቀስኩ፣ ናፈቅከኝ እያሉ ወረቀት ማበላሸት አልወድም፤ ያን ሳልጽፈውም ታውቀዋለህ። ዘንድሮ ግን የምነግርህ አለኝ። ደብዳቤውንም ለሰው ሁሉ ክፍት አድርጌ ነው የምጽፈው። ለቅሶ ቤት መጥተው «ቀኑ ደርሶ ነው» ያሉኝ ሰዎች ቢያነቡት ደስታዬ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ልንገርህ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ደጃችን ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ እንደ ልቡ ይመላለስበታል። የተከልከው አቮካዶ ከጣሪያው በላይ ሆኗል፤ ፍሬው በወደቀ ቁጥር ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቁረጪው ይሉኛል፣ አልቆርጠውም። የጓሮዋን ክፍል ለኮሌጅ ተማሪዎች አከራይቻታለሁ። አንዷ ከጎንደር፣ አንዷ ከሐረር ናቸው፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ግን መብራት ሳያጠፉ ይወጣሉ፣ እኔም ሳልናገራቸው ውዬ አላውቅም። ሰብለ ልጃችን ሐዋሳ እንደሆነች ናት። «እማ፣ ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ» ትለኛለች። የልጄ ባል በእኔ ሰዓት ተነስቶ በእኔ ሰዓት ሊበላ ነው? ደግ ሰው ነው፤ ይቅርበት።

የመሣሪያ ሣጥንህን ለማንም አልሰጠሁም። መፍቻዎችህ እንዳይዝጉ ክረምት ሲገባ ዘይት እቀባቸዋለሁ። ቱታህን ግን አቃጥዬዋለሁ። ያን ልብስ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ማየት አልፈለግሁም።

ያን ቀን የሆነውን ሌላው እንዲያውቀው አንድ ጊዜ በቀጥታ ልጻፈው። ሊሙ ገነት ውስጥ፣ ዛሬ በተዘጋ አንድ የጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ መፈልፈያ ቤት የማሽን ኃላፊ ነበርክ። የማሽኑ ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ከመዘውሩ ሲንሸራተት ልታየው ጎንበስ አልክ። እጅጌህን ያዘው። ማጥፊያው ከግድግዳው ወዲያ፣ ሚዛን ቤት ነበር። ሚዛን ቤት ደግሞ ሰው ነበር። ጩኸትህን ሰምቷል። እጁን ቢዘረጋ ማጥፊያውን ይነካዋል። ነገር ግን በዚያ ቤት ማሽን የሚያቆመው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር፤ ሳይፈቀድለት ያቆመ ሰው በማግሥቱ ሥራ የለውም። ስለዚህ ሰውየው ማጥፊያውን ትቶ ሥራ አስኪያጁን ሊጠራ ሮጠ። ነፍሱ እስክትወጣ ነው የሮጠው፤ ብዙዎች አይተውታል። ፈቃድ ሊያመጣልህ ሮጠ፣ ሽፌ። ፈቃዱ ሲመጣ አንተ አልነበርክም።

በዚያ ሰው አልፈርድም። የሠለጠነው እንደዚያ እንዲሮጥ ነበር። የፈረድኩት «ቀኑ ነው»፣ «እግዜር የጻፈው አይቀርም» እያሉ እንባዬን ሊያብሱ በመጡት ላይ ነው። እኔ እግዜርን እፈራለሁ። ስለምፈራውም ነው ሰው በተሳሳተ ቦታ የገጠመውን ማጥፊያ በእሱ የማላሳብበው። ለቅሶ ላይ አፌን ዘግቼ ስቀመጥ «ሐዘኑ አደነዘዛት» ተባባሉ። አልደነዘዝኩም። ማጥፊያው የት መሆን እንደነበረበት በልቤ እየሳልኩ ነበር።

ስዕል መሣሌን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት አብረን ስንማር በኤሌክትሪክ ክፍል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የስዕል መምህራችን አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ካየ ወረቀቱን ፊታችን ላይ ቀድዶ «እንደገና!» ይላል፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ አይናገርም፣ ራስህ ፈልገህ ታገኛለህ። እኔ ስንት ጊዜ እንደቀደደብኝ አልቆጠርኩም። ተጋብተን ዕቃህን ሳስተካክል ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱን ከመጽሐፍህ ውስጥ አገኘሁት፤ ከቅርጫት አንስተህ፣ ቁርጥራጩን በሙጫ አጣብቀህ አስቀምጠኸው ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅህ «ጥፋቱን ስፈልግ ቆይቼ ነው፤ እስካሁን አላገኘሁትም» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ የሰማሁት ምስጋና ሁሉ ከዚያ በታች ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አምና ክረምት ላይ ነስሩ የሚባል ወጣት፣ የኤሌክትሪክ መምህርት እንደነበርኩ ሰምቶ፣ ቤት ድረስ መጣ። አባቱ የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ተምሮ ሲመለስ ከጅማ መውጫ ላይ አዲስ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ አስገነባ። ጀንፈሉ በአንድ በኩል ይገባል፤ ተበጥሮ፣ ተፈልፍሎ፣ በወንፊት ተለይቶ በመጨረሻ ረጅም የጎማ ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። ሠራተኞቹ ኮንቬየር ይሉታል። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ ምንጣፉ ሲጓዝ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እየለቀሙ ያወጣሉ።

«ቲቸር» አለኝ፣ ሻዩን ሳይነካ፣ «የውጭ ገዢዎቹ ኢንስፔክተር ሊልኩ ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ የሚሉት ነገር ብቻ ቀርቷል። አንድ የተማረ ሰው ስሎ ይፈርምበት አሉ። ያው ቀይ በተን ነው እኮ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብንለጥፍ ያልቃል።»

«ነስሩ» አልኩት፣ «የሚለጠፍ ነገር ከፈለግህ ማስታወቂያ ለጥፍ።»

ሳቀ። የተቆጣሁ አልመሰለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየማለዳው በባጃጅ እየሄድኩ ያን ፋብሪካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት። ስዕሉን አብረን እንበላበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ሠራሁት፤ ያንተን ወንበር አላነሳሁትም፣ ማስመሪያዬን አስቀመጥኩበት።

የሣልኩትን ብትሰማው ትወደው ነበር። በምንጣፉ ግራና ቀኝ፣ በእያንዳንዷ ሴት እጅ ትይዩ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ቀይ ገመድ ዘረጋሁ። የትም ቦታ ያለች ሴት በማንኛውም እጇ ከሳበችው መላው መስመር ይቆማል። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ እንደ እንጉዳይ ጉብ ያለ ቀይ ማቆሚያ አለ፤ በመዳፍ፣ በክንድ፣ በጀርባም ቢመቱት ይሠራል። ከተመታ ደግሞ እንደተዋጠ ይቀራል፤ ጠምዝዘው ካላወጡት አይመለስም። ቢመለስም ማሽኑ በራሱ አይነሳም፤ አንድ ሰው መስመሩን በእግሩ ዞሮ ካላየና አረንጓዴውን ካልተጫነ በቀር። ከሁሉ የምኮራበት ግን ሽቦው ነው። በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ እየዞረ «ደህና ነን» ይላል። ማሽኑ የሚሠራው ያን ቃል እስከሰማ ብቻ ነው። ገመድ ቢሳብ፣ ሽቦ ቢበጠስ፣ አይጥ ቢበላው ቃሉ ይቋረጣል፣ ማሽኑም ይቆማል። ሌላው ቤት ማሽኑ የሚቆመው ሰው ሲናገር ነው። እዚህ ዝምታም ያቆመዋል።

ነስሩ ስዕሉን አይቶ ገመዱ ላይ ጣቱን ጫነ። «ይሄ ሁሉ ሴት፣ ይሄን ሁሉ ቦታ ማቆም ከቻለች ሥራ መቼ ሊሠራ ነው? ወላሂ ቲቸር፣ አንድ ቀን አንሠራም።»

ያኔ የሰኮሩ መንገድ ትዝ አለኝ፤ ለእሱም ተረኩለት። ትዝ ይልሃል? ከአዲስ አበባ ስንመለስ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨርሰን ሰኮሩ ሳንደርስ፣ ሾፌሩ እያንጎላጀ እንደሆነ በመስተዋቱ አየሁ። ልሂድና ልቀስቅሰው ብል መተላለፊያው በሰውና በዶሮ ተሞልቷል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው ባንኖ ፍሬን ያዘ። አካባቢው ቤት የለ፣ መገንጠያ የለ፣ ሜዳ ነው። «የታለ ወራጁ?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አንዷ «ሴትዮዋ ጤና የላትም» አለች። አንተ ቀስ ብለህ ተነስተህ ሻንጣውን ከላይ አወረድክና «እዚህ ነው የምንወርደው» አልክ። ወረድን። አውቶቡሱ ንቁ በሆነ ሾፌር ሄደ። እኛ በፀሐይ ሰኮሩ ድረስ በእግራችን ገባን፤ አንተ ሻንጣውን ትከሻህ ላይ አድርገህ መንገዱን ሙሉ ሳቅህ፣ እኔ ጫማዬ ነከሰኝ።

«እንግዲህ ነስሩ» አልኩት፣ «ታክሲ ላይ ማንም ተሳፋሪ ወራጅ ሲል ሾፌሩ ይቆማል። ፈቃድህን አምጣ የሚለው የለም። በዚህም ምክንያት ሳይሠራ የዋለ ታክሲ አላየሁም።»

«ታክሲና ፋብሪካ አንድ ነው?» አለ። ግን ኢንስፔክተሩ ስላስፈራው ገመዱ እንዲዘረጋ ፈቀደ።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። መስመሩ ይነሳል፣ ይቆማል፤ ይነሳል፣ ይቆማል። ካቦው ተማም ከወዲያ ወዲህ እየሮጠ «ማን ነው ያቆመው? ኤኙ ዻ?» እያለ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጮኻል። ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ማንም አልነካሁም ትላለች። ከዚያ በድንገት መቆሙ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን መሥራት ጀመረ። ነስሩ ስልክ ደውሎ «ተስተካከለ ቲቸር፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እኔ ያልነካሁት ነገር በራሱ ሲስተካከል ደስ አይለኝም። በማግሥቱ ሳልጠራ ሄድኩ፤ ሰላምታም ሳልሰጥ ገመዱን ያዝኩና በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት።

ምንጣፉ መሄዱን ቀጠለ።

እንደገና ሳብኩ። ቡናው በፊቴ ይሄዳል። ኤሌክትሪሺያኑ ቶሌራ የራሴ ተማሪ ነበር፤ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ስገባ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ዳይሬክት አድርገው ተብዬ ነው ቲቸር» አለ። አንተ ይህን ቃል ታውቀዋለህ፤ የማይመለከተው ሰው ይወቅ፦ ሁለቱን የሽቦ ጫፍ በአቋራጭ ማገናኘት ነው። ገመዱ ቢሳብም ባይሳብም ሽቦው «ደህና ነን» ማለቱን አያቆምም። እንዲዋሽ ተደርጓል ማለት ነው።

«ሽቦ እንዲዋሽ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ?»

«እርስዎ አላስተማሩኝም።»

«ታዲያ ማን?»

«እንጀራ» አለ፣ አሁንም ጫማውን እያየ።

ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩት። የፋብሪካው ድምፅ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ጠፋ። ከቦርሳዬ የጓሮዬን በር ጓጉንቸር አውጥቼ ማጥፊያው ላይ ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ጡቴ መሃል ከተትኩ። ከዚያ የቶሌራን ወንበር ወስጄ ማጥፊያው ሥር ተቀመጥኩ።

ነስሩ እየሮጠ መጣ። ደጁ ላይ ከሊሙ የመጣ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። «ቲቸር፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«እዚህ ነው ያለው። ድፍረት ካለህ ና ውሰደው።»

ተማም ከኋላ «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ነስሩ እስከ ጆሮው ቀላ። «እናቴን በሚያህሉ ሰው ምን ላድርግ? ፖሊስ ልጥራ?»

«ጥራ። ሲመጣ አብረን ገመዱን እንስባለን፤ እሱም ይይ።»

ፖሊስ አልጠራም። የመጡብኝ ሴቶቹ ነበሩ። ለእነሱ ብዬ የምደክም መስሎኝ ስለነበር ፊታቸውን ሳይ ደነገጥኩ። ከፊት የቆመችው ታደለች ትባላለች። ከወላይታ መጥታ ጅማ የከተመች፣ ስትለቅም መዝሙር የምታዜም ጠንካራ ሴት ናት። «እማማ» አለችኝ፣ «እርስዎ ጡረታ አለዎት። እኛ የዛሬን በዛሬ ነው የምንበላው። ማሽኑ ሲቆም እኮ የሚቆመው የእኛ ጉሮሮ ነው።»

በመልስ ፈንታ ጥያቄ ጠየቅኋት። «ገመዱን እናንተ ካልሳባችሁት ያን ሰሞን ለምን ነበር የሚቆመው?»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ታደለች እጄን ይዛ ከወንበሬ አስነሳችኝና ወደ መስመሩ ወሰደችኝ። ማለዳ በንዴት ስገባ ገመዱን እንጂ ገመዱ ላይ ያለውን አላየሁም ነበር። ነጠላ ተሰቅሎበታል። ሻሽ ተቋጥሮበታል። ምሳ የያዘ ፌስታል፣ የሕፃን ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ የታደለች የመዝሙር መጽሐፍ ከነቦርሳው። መሬት ላይ ዕቃ ማኖር ቡናውን ያቆሽሻል ተብሎ ተከልክሏል፤ ዘበኛው «አደራ አልቀበልም» ብሏል፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለሆነ ሚስማር አይመታበትም። በእጃቸው ትይዩ ደግሞ እኔ ከዳር እስከ ዳር ጥሩ ውጥር ገመድ ዘርግቼላቸዋለሁ። የአንዷ ምሳ በከበደ ቁጥር ፋብሪካው ይቆማል።

ስዕሌ ላይ ሴቶቹን በትንንሽ ክቦች ነበር ያመለከትኳቸው። ክብ ነጠላ አይለብስም፤ ክብ ምሳ አይቋጥርም። የሥዕል መምህራችን ቢያየው ኖሮ ቀድዶ «እንደገና!» ይል ነበር፤ ልክ ነው።

«አዩ ቲቸር!» አለ ነስሩ፣ ያሸነፈ መስሎት። «ልብስ መስቀያ አደረጉት። ለእነሱ ይሄ አይሆንም።»

«መስቀያ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩህ» አልኩት። «አናጢ ጥራ።»

«ዛሬ?»

«መኪናው ዛሬ ነው የቆመው።»

አናጢ ተጠራ። ከየሴቷ ጀርባ በግድግዳው ርዝመት ሳንቃ ተመታ፤ በሳንቃው ላይ ለእያንዳንዷ መስቀያ። አዲሱ ቀለም ተፈረካከሰ፤ ነስሩ እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ቶሌራ ያን የውሸት ሽቦ በገዛ እጁ ነቅሎ ወረወረው። እኔም ቁልፉን አወጣሁ፤ ወንዶቹ ሁሉ ፊታቸውን ሲያዞሩ ከሴቶቹ መሃል እልል ያለች ነበረች።

ነገር ግን አልጨረስኩም። ጓጉንቸሩን ከመክፈቴ በፊት ሌላ ነገር ጠየቅሁ። በዚህ ቤት መስመር ሲቆም «ማን ነው ያቆመው?» ተብሎ አይጠየቅ፤ «ምን ታየ?» ይባል። ያቆመ ሰው ተሳስቶም ቢሆን አይሰደብ፣ ከሥራም አይቀነስ።

«ቲቸር፣ ይሄ ኤሌክትሪክ አይደለም» አለ ነስሩ።

«የመጀመሪያው ሽቦ ይሄ ነው። ይሄ ከተበጠሰ ሌላውን በወርቅ ብትሠራው አይሠራም።» ያንተን ነገርም ነገርኩት፤ ሚዛን ቤቱን፣ ማጥፊያውን፣ የሮጠውን ሰው። ስለ ሞትህ ለማያውቅህ ሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ነስሩ «እሺ፣ ይሁን» አለ፣ ሰው ሽማግሌ ለመሸኘት እንደሚለው ዓይነት እሺ። አውቄዋለሁ። ስለዚህ ስዕሉን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና «አንዲት ሴት ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከልቧ ስታቆመው እስካይ ድረስ አልፈርምም» አልኩት።

«ኢንስፔክተሩ ቢመጣስ?»

«ያልተፈረመ ስዕል ያያል።»

በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር ሴቶቹ በተራ ገመዱን እንዲስቡ አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ትኩስ ድስት በጣት ጫፍ ነበር የሚነኩት። ታደለች ዓይኗን ጨፍና «በኢየሱስ ስም!» ብላ ሳበችው፤ ከጎኗ ያለችው ዘይነባ «ቢስሚላህ» አለች። መላው ፋብሪካ በአንዲት ሴት እጅ ጸጥ ሲል ዓይናቸው ሲበራ ብታይ! አንዷ ቀልድ ወዳድ ሴት «ወራጅ አለ!» ብላ ስትስበው ተማም እንኳ ሊስቅ ፈልጎ ሳል አስመሰለው። ደስ አለኝ፤ ግን አልተታለልኩም። ቡና ሳይፈስ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ሳቡ ተብለው መሳብ ሌላ ነው። ያ ሚዛን ቤት የነበረው ሰውም ተለማመድ ቢባል ያጠፋው ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቶሌራ ጋር መቆጣጠሪያው ክፍል ሳለሁ፣ በሥራው ትኩሳት መሃል፣ መስመሩ ጸጥ አለ። ወጣሁ። ተማም ቀድሞኝ ደርሷል። ታደለች ገመዱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች፤ አልለቀቀችውም። ፊት ለፊቷ ዘይነባ ከምንጣፉ ሥር ቀና አለች፤ የወደቀ ፍሬ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር። እጇ ደህና ነው። ሻሿ ደህና ነው። ምንም አልሆነችም።

«በከንቱ!» ብሎ ጮኸ ተማም። «ምንም ሳይኖር! እዩት ቡናውን!» እውነቱን ነው፤ ከወንፊቱ ሥር ቡናው ተቆልሎ ወለሉ ላይ ፈሷል። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል።

ነስሩ ከቢሮው ወጣ። ታደለች «ክንዷ ወደ ውስጥ የገባ መስሎኝ ነው» አለች። ነስሩ የፈሰሰውን ቡና አየ። ወደ እኔ አየ። እኔ ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሳሁ፤ አልረዳሁትም። ይህን እኔ ልመልስለት አልችልም ነበር።

ከዚያ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ተንበረከከ፤ ታደለች ቆማበት ከነበረው በኩል ሆኖ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዘይነባ ወደነበረችበት አየ። ቆየ። ሲነሳ ጉልበቱ አቧራ ሆኖ ነበር።

«ከዚህ ሲያዩት የተያዘች ነው የምትመስለው» አላት። «እኔም ብሆን እስብ ነበር።» ወደ ተማም ዞረ። «መስመሩን ዙርና እይ፤ ሰው ከሌለበት አስነሳ።»

ተማም ዞረ። በእያንዳንዱ መዘውር ሥር ጎንበስ እያለ፣ እያጉረመረመ፣ ግን ዞረ። አረንጓዴው ተጫነ። ታደለች ያኔ ነው ገመዱን የለቀቀችው።

እዚያው፣ የቡና ጆንያ ላይ ስዕሉን ዘርግቼ ፈረምኩ። ቀለሙ አልነጠበም።

በከንቱ ቆመ፣ ሽፌ። ማንም ሳይጎዳ፣ ምንም ሳይኖር፣ አንዲት ሴት ስለተጠራጠረች ብቻ ያ ሁሉ ማሽን ቆመ። ሰዎች «ይሄ ሁሉ ድካም ባልሽን አይመልስልሽም» ይሉኛል። እንደማይመልስህ ከእነሱ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ለብቻዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተን እንዲመልስ አልሠራሁትም። ለአንተ ያልተደረገው ለአንዲት ዘይነባ፣ ያውም ሳያስፈልጋት ሲደረግ ማየት ፈልጌ ነው። አየሁ።

አሁን ሊሙ ገነት ልሄድ ነው። ከቀብርህ ወዲህ አልረገጥኩትም። በዚያና በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች ያሉትን መፈልፈያ ቤቶች አንድ በአንድ ገብቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማቆሚያው የት ነው? ማንስ ማቆም ይችላል? ማንም አልጠራኝም። ዘበኛ ይመልሰኝ ይሆናል፤ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ እንደኔው እልኸኛ ነው።

የማስታውስህም እንዲህ ነው። ባልሽ በምን ሞተ ብለው ሲጠይቁኝ እንግዲህ «በአደጋ» አልልም፤ «ቀኑ ደርሶ» አልልም። «ፈቃድ ሲጠበቅለት» እላለሁ፤ ጠያቂው ምን ማለት ነው ብሎ እስኪጠይቀኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሲጠይቀኝም ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ። ስምህን፣ ሙያህን፣ ያ ሻንጣ ትከሻህ ላይ ሆኖ የሳቅኸውን ሳቅ ጭምር። አንድም አላስቀርም።

ባለቤትህ
አረጋሽ